የተቆረጠ ኦርኪድ ዕድሜው ስንት ነው?

ኦርኪድ ይራመዳል። ቀልድ አይደለም። ካትሊያ፣ ሲምቢዲየም፣ ኦዶንቶግሎሰም የሚባሉት ወገኖች ልክ እንደ ዝንጅብል አግድም የሚሄድ ግንድ አላቸው። ከዚህ ግንድ ላይ በየዓመቱ አንድ አዲስ ቡቃያ ከፊት ይወጣል፣ ያድጋል፣ ወገቡ ላይ ያብጣል፣ ውኃና ምግብ ያጠራቅማል፣ ያብባል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ከእሱ ፊት ይወጣል። ከኋላ የቀሩት አሮጌዎቹ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ እንጂ ቶሎ አይሞቱም፤ እንደ ጡረተኛ ቁጭ ብለው የፊተኞቹን ይቀልባሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ተክሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቫዞውን ጠርዝ ይሻገራል። ሥሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ቫዞው ውስጥ ያለው የዛፍ ቅርፊት በስብሶ ጭቃ ይሆናል። ያኔ አሳዳጊው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ትልቅ ቫዞ መፈለግ፣ ወይ ቢላ ማንሳት።

ቢላ ማንሳት ሲባል እንደ ሽንኩርት መክተፍ አይደለም። ተክሉ መጀመሪያ ከቫዞው ይወጣል፤ ሥሩ የሸክላው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅም ካለ ቫዞው ይሰበራል እንጂ ሥሩ አይጎተትም። የበሰበሰው ይራገፋል፣ የሞተው ሥር ይወገዳል። ከዚያ አግድም ግንዱ ላይ መቁረጫ ቦታ ይፈለጋል። የቆየው ሕግ ከሦስት አታሳንስ ይላል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢያንስ ሦስት ያበጡ ግንዶች መቅረት አለባቸው፣ አራት ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ከዚያ ያነሰ ቁራጭ ባይሞትም እንደገና ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል። ጊዜውም ይመረጣል። አዲሱ ቡቃያ ሥር መስደድ ሲጀምር ነው እንጂ ቅዳሜ ስለሆነና እጃችን ስለፈታ አይቆረጥም።

የቆዩት አትክልተኞች አንድ ሌላ ዘዴ አላቸው። ተክሉ ገና ቫዞው ውስጥ እያለ አግድም ግንዱን ብቻ ቆርጠው፣ ምንም ሳያንቀሳቅሱ፣ ለወራት ይተዉታል። ከፊት ያለው ወጣት ሲቆረጥበት፣ ጡረታ ወጥቶ የነበረው የኋላው አሮጌ እብጠት ከእንቅልፉ ይነቃና የራሱን ቡቃያ ያወጣል። ሁለቱ የሚለያዩት ያኔ ነው።

ነገሩ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። አሁን በሁለቱ ቫዞዎች ውስጥ ያሉት ምንና ምን ናቸው? እናትና ልጅ አይደሉም፤ መሃላቸው ዘር የለምና። መንትያ እንኳ አይደሉም። አንድ ተክል ናቸው፣ በሁለት ቫዞ። በሃያ ዓመት ውስጥ አሥር ቤት ቢበተንም ያው አንዱ ተክል ነው። ስለዚህ ዕድሜው የሚቆጠረው ከተቆረጠበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ዘር ከበቀለበት ቀን ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በሕይወት እያለች ያበበ ኦርኪድ ዛሬም በሰው ሳሎን ሊያብብ ይችላል። የልጅ ልጁን ማለቴ አይደለም፣ ራሱን ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ የአውሮፓ ኦርኪዶች ዕጣ በዚህ ቢላ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በ1818 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን አጠገብ ባርኔት በምትባል ከተማ ዊልያም ካትሊ የሚባል ነጋዴ ቤት አንድ ተክል አበበ። ዊልያም ስዌንሰን የተባለ ተፈጥሮ አጥኚ ከብራዚል ፔርናምቡኮ ግዛት የላከው ነው። አበባው ትልቅ፣ ሐምራዊ፣ ከንፈሩ የተቀጠፈ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ አበባ ያየ ሰው አልነበረም። የዕፅዋት ሊቁ ጆን ሊንድሊ በ1821 በባለቤቱ ስም ካትሊያ ላቢያታ ብሎ ሰየመው፤ ሁለተኛው ቃል ባለ ከንፈር እንደማለት ነው። ተክሉ የመጣው ለሌላ ዕቃ ማሸጊያ ሆኖ ነው፣ ካትሊም ከቆሻሻ አንስቶ ተከለው የሚል ወሬ በብዙ መጽሐፍ ውስጥ ታገኛላችሁ። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ተረት መሆኑ ነው ችግሩ። ስዌንሰን የላከውን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ካትሊያ ላቢያታ ከዱር ጠፋ። ማለቴ፣ አውሮፓውያን መገኛውን አጡት። በ1836 ጆርጅ ጋርድነር የሚባል ተመራማሪ ሪዮ ዴ ጄኔሮ አጠገብ ጋቪያ ተራራ ላይ አገኘሁት አለ፤ ያገኘው ግን ሌላ ዘመዱን ነበር። በእሱ ምክንያት ሰው ሁሉ ለአሥርተ ዓመታት በስተ ደቡብ፣ የተሳሳተ ቦታ ሲፈልግ ኖረ። ይኸው ጋርድነር የሪዮ ዙሪያ ደን ለከሰልና ለቡና እርሻ እየተመነጠረ መሆኑን አይቶ፣ ብዙ ዕፅዋት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጠፋሉ ብሎ ሰግቶ ነበር። ቡና! ከእኛ ደን ጥላ ሥር የወጣው ቡና ውቅያኖስ ተሻግሮ የሌላ አገር ደን ሲያስመነጥር። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም ማለቴ አልቀረም፤ በከፋና በጅማ ጫካ ኦርኪዶች የሚኖሩት የቡናው ጥላ በሆኑት ትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ነውና። ዛፉን አይበሉትም፣ ይቀመጡበታል እንጂ።

እውነተኛው ካትሊያ ላቢያታ ከፔርናምቡኮ በኩል እንደገና በብዛት አውሮፓ የገባው በ1890 አካባቢ ነው። ሰባ ዓመት አለፈ ማለት ነው። በእነዚያ ሰባ ዓመታት ግን አበባው ከአውሮፓ አልጠፋም። በጥቂት ሀብታሞች የመስታወት ቤት ውስጥ በየመከሩ ያብብ ነበር፤ ያ ሁሉ መጀመሪያ ከመጡት ጥቂት ተክሎች በቢላ እየተከፈለ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የኖረ ነው። አሳሾቹ አትላንቲክን አቋርጠው ሲያጡት፣ አንድ አትክልተኛ ለንደን ዳር ጎንበስ ብሎ አሮጌ ቅርፊት እያራገፈ ያቆየው ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ አትክልተኞቹ ይህን ሥራ አያውቁበትም ነበር። ከሐሩር አገር የመጣ ሁሉ ሙቀትና ጭቃ ይወዳል ብለው፣ በእንፋሎት በታፈነ ቤት ውስጥ፣ አፈር ሞልተው ይቀብሩት ነበር። ዛፍ ላይ በነፋስ የኖረ ሥር አፈር ውስጥ ሲታፈን ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። በሺዎች የሚቆጠሩ ኦርኪዶች በዚህ መንገድ በሰበሱ። ነገሩን ካሻሻሉት አንዱ በቻትስዎርዝ የዴቮንሻየር መስፍን አትክልተኛ የነበረው ጆሴፍ ፓክስተን ነው፤ የመስታወት ቤቱን አናፈሰ፣ ሙቀቱን እንደየተክሉ አገር ለያየ፣ ቫዞው ውኃ እንዳያቁር አደረገ። በ1852 የቤንጃሚን ሳሙኤል ዊልያምስ የኦርኪድ አሳዳጊዎች መመሪያ ሲታተም ደግሞ እውቀቱ ከትልልቅ ግቢዎች ወጥቶ ለመካከለኛው መደብም ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኦርኪድ የማይፈልግ ሰው ጠፋ።

እዚህ ጋ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ተክል በዓመት አንድ ቡቃያ ያወጣል፤ ለአንድ ቁራጭ ሦስት ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱን ሁለት ለማድረግ ሦስት ዓመት ግድም ይፈልጋል። ጎበዝ አትክልተኛ፣ ምንም ሳይሞትበት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከአንድ ተክል ስምንት ቢያገኝ ዕድለኛ ነው። ዘር መዝራትስ? የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የላላ ነው፤ አንድ ፍሬ ውስጥ በመቶ ሺዎች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አለ። ነገር ግን ስንቅ ሳይቋጥር የሚወጣ መንገደኛ ነው። የባቄላ ፍሬ ለቡቃያው ምግብ ይዞ ይወጣል፣ የኦርኪድ ዘር ባዶውን ነው። ቢዘሩት አይበቅልም ነበር፤ ለምን እንደማይበቅልም ማንም አያውቅም።

በቢላ ስምንት ለማግኘት አሥር ዓመት። በመርከብ ግን አሥር ሺህ ተክል በአንድ ጉዞ ይመጣል። ገበያው የቱን እንደመረጠ ታውቃላችሁ።

አልበርት ሚሊካን የተባለ እንግሊዛዊ ሰብሳቢ በ1891 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ኮሎምቢያ ውስጥ ኦዶንቶግሎሰም ሲሰበስብ ያደረገውን ያለ ምንም እፍረት ያወራል። ሁለት ወር ሠሩ፤ አሥር ሺህ ያህል ተክል አገኙ፤ ለዚህም አራት ሺህ ገደማ ዛፍ ቆረጡ። ዛፍ መውጣት ጊዜ ይፈጃላ! ዛፉን መጣል ይፈጥናል። ከአንዱ ዛፍ ሁለት ሦስት ተክል ይለቀማል፣ ዛፉ እዚያው ይቀራል። ከዚያ በበቅሎ፣ በወንዝ፣ በመርከብ፤ መንገድ ላይ የሚበሰብሰው በስብሶ የተረፈው ለንደን ጨረታ ላይ ይወጣል። ሴንት ኦልባንስ ላይ ትልቅ የኦርኪድ ድርጅት የነበረው ፍሬድሪክ ሳንደር በአንድ ወቅት ሃያ ሦስት ሰብሳቢዎች በዓለም ዙሪያ አሰማርቶ ነበር።

ሰዎች ይህን ዘመን ሲተርኩ የኦርኪድ ዕብደት ይሉታል፤ እንደ ፍቅር በሽታ አድርገው፣ ጣፋጭ አድርገው። እኔ ዕብደቱ አይታየኝም። የሚታየኝ ሒሳቡ ነው፤ ቢላው ዘገምተኛ ስለነበር ሥራው ለመጥረቢያ ተሰጠ። ዘር ማብቀል ቢችሉ ኖሮ፣ ወይም ቢላው የሚሰጣቸውን ለመጠበቅ ትዕግሥቱ ቢኖራቸው፣ እነዚያ አራት ሺህ ዛፎች ለመቆረጥ ምክንያት አልነበራቸውም።

በአንጻሩ ቢላውን የያዙት ሰዎች ስማቸው እምብዛም አይታወቅም። ቶተንሃም ላይ ይኖር የነበረው ጆን ዴይ ብዙ ኦርኪድ በእጁ የሣለ ሰው ነው፤ የሥዕል ደብተሮቹ ዛሬ ኪው የዕፅዋት ተቋም ውስጥ አሉ። ከቦርንዮ ከመጡለት ተክሎች አንዷ ከሌሎቹ የተለየ ሰፊ ግራና ቀኝ ቅጠል ያለው አበባ አወጣች። ፕላቲቴኒየም ተባለች፣ ሰፊ ጥብጣብ እንደማለት። ሁለተኛ እንደሷ ያለ ለረጅም ጊዜ ስላልተገኘ በሀብታሞች ቤት የነበረው ፕላቲቴኒየም ሁሉ የዚያች የአንዷ ተክል ቁራጭ ነበር። አንድ ቢላ በዚያች ተክል ላይ ባረፈ ቁጥር ሊኖር የሚችለውን ድንጋጤ አስቡት። ዴይ ስብስቡን በ1881 በጨረታ ሸጠ። የተክሎቹ ገዢዎች ስም በየጋዜጣው ወጣ፤ የቆራጮቹ ግን አልወጣም። እስከ 1906 ድረስ ዋጋው እንዲህ አብዶ ለአንዲት ኦዶንቶግሎሰም ከ1000 ጊኒ በላይ የተከፈለበት ጨረታ ነበር። የሚሸጠው እንግዲህ ተክል አይደለም ለማለት ይቻላል፤ የማይደገም አንድ ፍጡር የሚቆረጥበት መብት ነው።

አንድ ልዩ አጋጣሚ ግን አለ። ግሎስተርሻየር ውስጥ ዌስተንበርት በሚባል ርስት ሰር ጆርጅ ሆልፎርድ የሚባል ባለጸጋ ነበር፣ አትክልተኛው ደግሞ አሌክሳንደር። ሁለት ሲምቢዲየሞችን አዳቅለው በ1911 የተመዘገበውን ዝርያ ሲያገኙ ስሙን በባለቤቱ ሳይሆን በአትክልተኛው ስም፣ አሌክሳንደሪ አሉት። ከእነዚያ እህትማማች ችግኞች አንዱ ከሌሎቹ ይለያል፤ አበባው ወፍራም፣ ክብ፣ እንደ ሰም ነጭ ነው። ዌስተንበርት የሚል የግል ስም ተሰጠው፣ በ1922 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ከፍተኛውን ሽልማት ሰጠው።

ለምን እንደተለየ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ክሮሞሶሙ ሲቆጠር ነው። ሌሎቹ ሁለት ስብስብ ክሮሞሶም ሲኖራቸው ይህ በአጋጣሚ አራት አለው። አጋጣሚውን ማዘዝ አይቻልም፤ ያንኑ እናትና አባት መልሶ ማዳቀል ሌላ ዌስተንበርት አይሰጥም። ዘር ሊደግመው የማይችለውን ነገር የያዘው ቢላ ብቻ ነበር። ሆልፎርድ በ1926 ሲሞት ኦርኪዶቹን ለአሌክሳንደር አወረሰው። አትክልተኛው የቆረጠው ተክል ባለቤት ሆነ። ዛሬ በገበያ የሚታዩት ትልልቅ አበባ ያላቸው ሲምቢዲየሞች የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር ከብዙዎቹ ጀርባ ይህ ተክል ይገኛል። እሱ ራሱም አልሞተም፤ ቁራጮቹ አሁንም በሰብሳቢዎች እጅ ያብባሉ።

መሃል ላይ ሁለት የዓለም ጦርነት አለ። የድንጋይ ከሰል ሲጠፋ የመስታወት ቤት ይቀዘቅዛል፣ ኦርኪድም ይሞታል። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ደግሞ የእንግሊዝ መስታወት ቤቶች ቲማቲም እንዲያመርቱ ታዘዙ። ልክ ነው፣ ሰው መብላት አለበት። አንዳንድ ውድ ሲምቢዲየሞች በዚያ ወቅት ውቅያኖስ አቋርጠው አሜሪካ ገቡ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ ብርቅ ተክሉን ለማንም ሳይሰጥ አንድ ቫዞ ውስጥ ደብቆ የያዘ ሰው፣ የከሰሉ ምድጃ በጠፋበት በአንዲት ሌሊት ተክሉን ከምድር ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ቆርጦ ለጎረቤት የሰጠ ግን የራሱ ቢሞትበት ሄዶ ይለምናል። ቁራጩ ደግሞ ያው ተክል ስለሆነ ምንም አልጠፋውም።

አሁን ወደ ዘሩ እንመለስ፤ መፍትሔው የተገኘው አሮጌው ቫዞ ውስጥ ነውና።

የመጀመሪያው በሰው እጅ የተዳቀለ ኦርኪድ ያበበው በ1856 ነው፤ ጆን ዶሚኒ የሚባል አትክልተኛ በቬይች ቤተሰብ የችግኝ ጣቢያ ያሳደገው። ያኔ ዘር ለማብቀል ብዙ ነገር ተሞክሮ፣ አልፎ አልፎ የሚሠራው አንድ ብቻ መሆኑን አትክልተኞቹ ደርሰውበት ነበር፤ ዘሩን እናቲቱ ያለችበት አሮጌ ቫዞ ላይ መበተን። አዲስ ንጹሕ ቫዞ ላይ ምንም። ያ የቆሸሸ፣ ሥር የሞላው፣ ሊጣል የደረሰ ቫዞ ላይ ግን ከሺህ አንድ ሁለት ይበቅላል። ለምን? ማንም መልስ አልነበረውም፣ ግን ይሠራ ነበር።

መልሱን ያገኘው ኖኤል ቤርናር የሚባል ፈረንሳዊ ወጣት ነው። በ1899 ወታደራዊ አገልግሎት ላይ እያለ ፎንቴንብሎ ጫካ ውስጥ በቅጠል ረገፍ የተቀበረ የኦርኪድ ፍሬ አነሳ፤ ውስጡ ዘሮቹ በቅለዋል። አጉልቶ ሲያያቸው ሁሉም ውስጥ ፈንገስ ገብቷል። ስንቅ የሌለው መንገደኛ የሚቀልበው አገኘ ማለት ነው፤ ፈንገሱ ነው ዘሩን የሚመግበው። አሮጌው ቫዞ የሚሠራውም ፈንገሱ የእናቲቱ ሥር ላይ ስለሚኖር ነው። ተክል ሲከፈል ያንን አሮጌ ቅርፊት እያራገፉ የሚጥሉት አትክልተኞች መቶ ዓመት ሙሉ የሚፈልጉትን ሲጥሉ ኖሩ። ቤርናር ሠላሳ ሰባት ሳይሞላው በ1911 ሞተ።

በ1922 ደግሞ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሉዊስ ኑድሰን፣ ፈንገሱ የሚያቀርበው ስኳር ከሆነ እኛው ብናቀርብስ ብሎ ዘሩን በስኳርና በአጋር ብርጭቆ ውስጥ ዘራው። በቀለ። ከዚያ ወዲያ ከአንድ ፍሬ ሺህ ችግኝ ማውጣት ቀላል ሆነ። የዌስተንበርትን ዓይነት ብርቅ ተክል መድገም ግን ዘር አሁንም አይችልም፤ ዘር ልጅ ነው የሚሰጠው። ራሱን የሚፈልግ ቢላ ያንሳ።

ቢላውም ኃጢአት ነበረበት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ተመራማሪዎች አሳዳጊዎች ለዓመታት ግራ የገባቸውን ነገር አጣሩ፤ በቅጠሉ ላይ የሚታየው ጥቁር ዥጉርጉር፣ አበባው ላይ የሚወጣው የቀለም መቆራረጥ የእርጅና አልነበረም። ቫይረስ ነው። ይዞ የሚዞረውም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሳይጠረግ የሚያልፍ ቢላ ነው። መድኃኒት የለውም። ብዙ የተወደደ፣ ብዙ የተቆረጠ፣ ለብዙ ወዳጅ የተሰጠ ተክል ብዙ ቢላ ስለነካው በበሽታው የመያዝ ዕድሉም ያንኑ ያህል ሰፋ። ከሞት ያተረፈው መንገድ በሽታውንም አመጣበት።

ይህን ነገር የደቡብ ገበሬ ሳይንቲስት ሳይነግረው ያውቀዋል። እንሰት የሚራባው በዘር አይደለም። ተክሉ ከመሬት ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፣ የአምቾው እምብርት ተፍቆ ይወጣል፣ አምቾው ይቀበራል። ከጥቂት ወር በኋላ ዙሪያውን ሃያ፣ አርባ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቡቃያ ያወጣል፤ ሁሉም ያው እንሰት ናቸው። ጉራጌ ቤት፣ ሲዳማ ቤት፣ ጌዴኦ ቤት ስም ያላቸው የእንሰት ዓይነቶች በዚህ መንገድ ነው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የደረሱት። ታዲያ አጠውልግ የሚባለው በሽታ፣ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 ለዓለም ያሳወቁት ባክቴሪያ፣ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ከሚገባበት መንገድ ዋናው የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላ ነው። ለዚህ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ብረቱን እሳት አስነኩት። የኦርኪድ አሳዳጊም ዛሬ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፍ ምላጩን በነበልባል ያልፈዋል፣ ወይም ለእያንዳንዱ ተክል አዲስ ምላጭ ያወጣል። እንሰት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ይቀልባል፣ ኦርኪድ ሳሎን ያስጌጣል፤ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ብረቱ ላይ ያለው አደጋ ግን ያው ነው።

ዦርዥ ሞሬል የሚባል ፈረንሳዊ በ1960 ያሳተመው ሥራ የተነሳው ከዚሁ ቫይረስ ነው። የቡቃያው ጫፍ ላይ፣ በዓይን የማትታይ ያህል ትንሽ፣ ገና እየተከፈለች ያለች ክፍል አለች፤ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ሞሬል ያቺን ጫፍ ቆርጦ በብርጭቆ አሳደጋት። የታመመ ሲምቢዲየም ጤነኛ ሆኖ ወጣ። ግን ሌላም ነገር አየ፤ ያቺ ጫፍ ትንንሽ ክብ አካላት ታወጣለች፣ እነሱ ሲቆረጡ ሌሎች ያወጣሉ፣ እነዚያም ሲቆረጡ እንዲሁ። ቢላው ብርጭቆ ውስጥ ገባ። በአሥር ዓመት ስምንት ይል የነበረው ሒሳብ በአንድ ሁለት ዓመት ሺዎች ሆነ። ዋጋው ወረደ፣ የባለጸጋው አበባ ከዳቦና ከወተት ጎን ሱፐርማርኬት ገባ። ከ1975 ጀምሮ ደግሞ የዱር ኦርኪድ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ያም ቢሆን ሚሊካን የጣላቸውን ዛፎች አይመልስም።

እንግዲህ መስኮታችሁ ላይ ያለችው ኦርኪድ፣ አንድ ዘንግ ላይ ቢራቢሮ የመሰሉ አበቦች የደረደረችው፣ ፋሌኖፕሲስ ትባላለች። እሷን ለመክፈል ቢላ ፈልጋችሁ ከሆነ አስቀምጡት። እሷ አትራመድም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያድግ አንድ ግንድ ብቻ ነው ያላት፤ መሃሉን መቁረጥ እሷን መግደል ነው። ለእሷ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ የበሰበሰውን ቅርፊት አራግፎ አዲስ መጨመር ይበቃታል። አልፎ አልፎ በአበባው ዘንግ ላይ ትንሽ ሥር ያላት ልጅ ታወጣለች፤ ሥሮቿ ረዘም ሲሉ ቆርጦ ለብቻ መትከል ይቻላል። እሷም ልጅ አይደለችም፣ ያው ራሷ ናት።

የሚራመድ ዓይነት ያለው ግን፣ ካትሊያም ይሁን ሲምቢዲየም፣ ቢላውን እሳት ከማስነካቱ በፊት አንድ የሚያዘጋጀው ነገር አለ። ምልክት ነው፣ ሁለት ቅጂ። በአንድ ሰው እጅ የወጣ ስም፣ ዌስተንበርት የሚለውን ዓይነት፣ ለቁራጭ ይተላለፋል፤ ከዘር ለወጣ ልጅ አይተላለፍም። ምልክቱ ከጠፋ ደግሞ መቶ ዓመት የኖረ ተክል በአንድ ቀን ስም የለሽ ነጭ አበባ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስሙ በሁለቱም ላይ ይጻፋል፣ አንዱ ከፊተኛው ቁራጭ ጋር፣ አንዱ ከኋለኛው። በእርሳስ ነው የሚጻፈው፤ ቀለሙን ፀሐይና ውኃ ያጠፉታል።